ቤቱ ሰፋብን፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦

"እኔ 66 ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ 72። ባለ አንድ ፎቅ ቤታችን ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ኖረናል። አራት ልጆች አሳድገንበታል። አሁን ሁሉም የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። ፎቅ ያሉትን ክፍሎች የምከፍታቸው አቧራ ለመጥረግ ብቻ ሆኗል። ጉልበቴ ደረጃውን እንደ ድሮው አይወጣም። ወደ አነስ ያለ ቤት ብንዛወር ብዬ አስባለሁ። ባለቤቴ ግን ጓሮ ባለችው ክፍል መሣሪያዎቹን ይዞ ሲጠግን ይውላል፤ ወሬውን ሳነሳበት ሬዲዮ ይከፍታል። የበኩር ልጃችን 'ያደግንበት ቤት እንዴት ይሸጣል?' ብሎ ተቆጣ። ሁለተኛዋ 'ሽጡትና እኔ ጋ ኑ፤ በገንዘቡ ቤቴን አስፍተን አብረን እንኖራለን' ትላለች። ሁለቱ ትንንሾች ዝም ብለዋል፤ ዕቃቸው ግን አሁንም እኛ ቤት ነው። አሁን የሚያጣድፈን ነገር የለም። ነገር ግን አንዳችን ብንታመም ወይም አንዳችን ብቻ ብንቀር ይህን ሁሉ ማን ይበትነዋል? ከየት ልጀምር?"

ቤቱ የሰፋኝ

መልስ፦

ውድ "ቤቱ የሰፋኝ"፣

ደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት "አሁን የሚያጣድፈን ነገር የለም" የሚለውን ነው። ብዙ ሰው ይህን ለመቆየት ምክንያት ያደርገዋል። ካልተቸገርን ምን አስቸኮለን ይላል። እኔ ግን ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም ባይ ነኝ። የሚያጣድፍ ነገር ሲመጣ ውሳኔውን ከእጅዎ ነጥቆ ነው የሚመጣው። አንዱ ይወድቃል፣ ዳሌው ይሰበራል። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ልጆች ተሯሩጠው ቤት ይፈልጋሉ፣ ዕቃ ያወጣሉ፣ ገዢ ያነጋግራሉ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ግን የ30 ዓመት ኑሮ በሁለት ሦስት ቅዳሜ ተጠራርጎ ያልቃል፤ የዕቃው ባለቤትም ምን የት እንደገባ ሳያውቅ ይቀራል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ደረጃውንም ቀለል አድርገው አይዩት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ዙሪያ በአደጋ ከሚሞቱ ሰዎች መካከል ከትራፊክ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገድለው መውደቅ ነው። በዚህ ከሚሞቱት ደግሞ አብዛኛውን ቁጥር የሚይዙት ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው። ላስፈራራዎ ብዬ አይደለም። ጉልበትዎ መናገር ከጀመረ ይስሙት ለማለት ነው።

አሁን ወደ ክርክራችሁ ልግባ። ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ላይ ተቋጥረውበታል። እንነሳ ወይስ እንቆይ? ከተነሳን ወዴት? ምን ይዘን? ባለቤትዎ "ቤት እንቀይር" ሲባሉ የሚሰሙት ሦስተኛውን ነው፤ "መሣሪያህን ጣል" የተባሉ ይመስላቸዋል። የበኩር ልጅዎ የመጀመሪያው ላይ ቆሟል። ሴት ልጅዎ ሁለተኛውን ራሷ ጠይቃ ራሷ መልሳለች። እርስዎ ደግሞ ሌሊት ሦስቱንም ሲያወጡና ሲያወርዱ ያድራሉ። ይፍቷቸው። አንዱ መልስ ሳያገኝ ሌላውን አያንሱ።

ከባለቤትዎ ልጀምር። ሬዲዮው ትንሽ አስቆኛል፤ ስንት ትዳር ነው በሬዲዮ ድምፅ የሚተዳደረው! እሳቸውን ግን ግትር ብዬ አልፈርጅም። በ72 ዓመት ዕድሜ ጠዋት ተነስቶ የሚሄዱበት ሥራ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ይህን የሚያሳጣቸው ነገር ቢመጣ እምቢ ማለታቸው አይገርምም። ስለዚህ ለጊዜው ስለ መሸጥ አያውሩ። ይልቅስ "ከዚህ ቤት ብንወጣ ከሁሉ በላይ የሚናፍቅህ ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቋቸው። ከዚያ ዝም ይበሉ። መልሱን እርስዎ አይሙሉላቸው። "የጓሮዋ ክፍል" ካሉ፣ የሚፈልጉት ቤት አንድ የሥራ ጠረጴዛ የሚይዝ ጥግ ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ጎረቤቶቻቸውን ከጠሩ ፍለጋው ከሰፈራችሁ አይወጣም። ዛፉን ካነሱም አይሳቁ፤ በረንዳ ያለው ቤት ይፈለጋል። እምቢታቸው ውስጥ የአዲሱ ቤት መስፈርት ተቀምጧል።

ቀጥሎ የምመክርዎ ነገር ምንም ወጪ የለውም። ፎቁን ለሦስት ወር ይዝጉት። አልጋችሁን ወደ ታች አውርዱ፤ ሳሎኑም ቢጠብ ይጥበብ። የምትለብሱትንና የምትጠቀሙበትን ብቻ ይዛችሁ ውረዱ። ደረጃው ሥር አንድ ደብተር ያስቀምጡ። ወደ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ ምን ፍለጋ እንደወጣ ይጻፍ። ምክንያቱን ለባለቤትዎ ሲነግሩ ማታለል አያስፈልግም፤ "ጉልበቴ ያመኛል" በቂ ነው፣ እውነትም ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩ ከልጆቹ ሁሉ የተሻለ አማካሪ ይሆናል። ስንት ክፍል እንደሚበቃችሁ ታውቃላችሁ። ሁለታችሁ በአንድ ክፍል ስትውሉ ማን ማንን እንደሚያሰለችም ታውቃላችሁ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ምናልባት አንድ መኝታ ያለው ቤት ይበቃናል ብለው ያሰቡት ሁለት መኝታ የግድ ነው ወደሚል ይለወጥ ይሆናል፤ አንደኛው ሲያንኮራፋ ሌላው የሚሸሽበት። ወይም ደግሞ ምድር ቤቱ ብቻውን ይበቃችኋል። ያን ጊዜ ፎቁን የራሱ መግቢያ አበጅቶ ማከራየትም አንድ መንገድ ነው። መዛወር ግዴታ አይደለም። ሳይሞክሩት መወሰን ነው የማይረባው።

ሙከራው "እንቆይ" የሚል መልስ ከሰጠም፣ አንድ ወረቀት ላይ ሁለታችሁ የምትስማሙባቸውን ምልክቶች ጻፉ። "ከእነዚህ አንዱ ከደረሰ እንነሳለን" የሚል። አንዳችን ከወደቅን። የገላ መታጠቢያውን ያለ ሰው እርዳታ መጠቀም ካቃተን። የጥገናው ወጪ ከገቢያችን ማለፍ ከጀመረ። ከሁለት አንዳችን ብቻ ከቀረን ደግሞ፣ የቀረው ሰው ቢያንስ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ምንም አይሽጥ ብላችሁ ጨምሩበት። በሐዘን ሰሞን የሚሸጥ ቤት ብዙ ጊዜ ይቆጫል። "አዎ" ማለት የከበዳቸው ሰው "ይህ ከሆነ እሺ" ለማለት ይቀላቸዋል። ባለቤትዎም እዚህ ጋ ሬዲዮውን ይቀንሱ ይሆናል።

ወዴት የሚለው ጥያቄ ላይ ሰው ሁሉ ስፋት ብቻ ያያል። እኔ መጀመሪያ የማየው መታጠቢያ ቤቱን ነው። ወለሉ ሲረጥብ ያንሸራትታል? ግድግዳው የእጅ መደገፊያ ቢተከልበት ይችላል? ከዚያ በሮቹን እለካለሁ። በሩ ተከፍቶ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ማሳለፍ አለበት፤ ተሽከርካሪ ወንበር ያለ ችግር የሚገባው በዚያ ነው። ወንበሩ ዞሮ ለመመለስ ደግሞ 150 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ዛሬ አያስፈልጋችሁም። ቤቱን የምትመርጡት ግን ለሚቀጥሉት 15 እና 20 ዓመታት ነው። አፓርታማ ከሆነ ሊፍቱ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ሲበላሽ በስንት ቀን እንደሚጠገን ነዋሪዎቹን ይጠይቁ። ብርሃኑንም ይዩ። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። እናም ጨለም ያለ ኮሪደር ለልጆቹ "ደስ የሚል" ቢሆንም ለእናንተ ወጥመድ ነው። ቤቱን ቀን ብቻ አይዩት፤ ማታም ይሂዱ፣ ጫጫታውንም ይስሙ።

ሴት ልጅዎ ያቀረበችው ሐሳብ ከፍቅር የመጣ እንደሆነ አልጠራጠርም። አብሮ መኖርም ለብዙ ቤተሰብ ደስታ ነው። ግን እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። የቤታችሁን ገንዘብ በቃል ብቻ የልጅ ቤት ውስጥ አታስገቡ። ትዳሯ ቢናጋስ? ሥራ አግኝታ ሌላ አገር መሄድ ቢኖርባትስ? እሷ ቀድማ ብትታመምስ? ያኔ ገንዘባችሁ የማን ነው? ሌሎቹ ሦስት ልጆችስ ምን ይላሉ? ይህን የምለው እሷን ተጠራጥሬ አይደለም። ውል የሚጻፈው ሰዎች ሲዋደዱ ነው፤ ከተጣሉማ ማን ይፈርማል! አብራችሁ ለመኖር ከወሰናችሁ፣ ያስገባችሁት ገንዘብ ምን ድርሻ እንደሚያሰጣችሁና አብሮ መኖሩ ካልሆነ እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስፈር። ውሉን የሚያዘጋጀው ጠበቃ የእናንተ ይሁን፤ ለእናንተም ለልጃችሁም አንድ ሰው አይሥራ። የቤቱን ስም "ወደፊት ለውርስ እንዲቀል" ብሎ ከአሁኑ ወደ ልጅ ማዛወርም ያው ነው። አንዴ ከዞረ በኋላ በገዛ ቤታችሁ እንግዳ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ደግሞ ከማንኛውም ውሳኔ በፊት እሷ ቤት አንድ ወር ኑሩ። ለጥየቃ ሳይሆን ለኑሮ፤ የልብስ አጠባውም የልጅ ልጆች ጩኸትም ባለበት።

ስለ ገንዘብ ሌላም አንድ ነገር። ትንሽ ቤት ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ከሽያጩ ላይ ግብር፣ የደላላ ክፍያ፣ የውል ወጪ፣ የማጓጓዣና የአዲሱ ቤት ዕድሳት ይቀነሳል። የጋራ ሕንፃ ከሆነ በየወሩ ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለሊፍት የሚከፈልም አለ። ይህን ሁሉ ደምረው የሚተርፈውን ካላዩ "ሸጠን እንገላገላለን" የሚለው ስሌት ጎደሎ ነው።

አሁን ዕቃው። ከማንም በላይ የሚያደክመው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ላደርገው ነው።

ዕቃ ከመምረጥዎ በፊት የሚገባበትን ቦታ ይለኩ። ቤቱ ገና ባይገኝም ያሰባችሁትን ስፋት ይውሰዱ። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ያለው ወረቀት ላይ እያንዳንዱን አንድ ሜትር በሁለት ሳንቲ ሜትር ይሳሉት። ሁለት ሜትር የሚረዝመው አልጋችሁ አራት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሶፋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ጠረጴዛውን በዚሁ ልክ ከካርቶን ቆርጠው ወረቀቱ ላይ ያስቀምጧቸው። መተላለፊያ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ይህን ከባለቤትዎ ጋር ቢሠሩት ጥሩ ነው፤ መለካት የሚወዱ ሰው ይመስሉኛል። ከዚያ በኋላ "ያ ትልቁ ጠረጴዛ ይሂድ ወይስ ይቅር" የሚል ጭቅጭቅ አይኖርም። ካልገባ አልገባም።

ልየታውን ፎቶ ካለበት ሳጥን አይጀምሩ። እዚያ ከገቡ ማታ ድረስ አይወጡም። ልብ የማይነካ ቦታ ይምረጡ፦ ጊዜያቸው ያለፈ መድኃኒቶች፣ የተደራረቡ ድስቶች፣ ማን ይፈልጋቸው ይሆን የሚባሉ ገመዶችና ቻርጀሮች። በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሲደክም ሰው ወይ ሁሉን ይጥላል ወይ ሁሉን ያስቀራል። "እስቲ ይቆይ" የሚሉትን ለብቻ ካርቶን ውስጥ ከትተው ቀን ይጻፉበት። ስድስት ወር ካልተከፈተ ሳያዩት ይስጡት። ከመስጠትዎ በፊት ግን የኮት ኪስ፣ መጻሕፍትና የድሮ ቦርሳዎች ይፈተሹ፤ ሰው ገንዘብና ወረቀት የት እንደሚደብቅ ራሱም ይረሳዋል። አሮጌ ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ያለውም ሳይጠፋ ለማንም አይሰጥ።

ለመሸጥ ሲያስቡ ደግሞ ዋጋው ያበሳጭዎታል። ሰው ስለ ገንዘብ እንዴት እንደሚወስን የሚያጠኑት ዳንኤል ካህነማንና ሪቻርድ ታለር ከአንድ የሙያ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለግማሾቹ ተማሪዎች ኩባያ ሰጡ፤ ለሌሎቹ አልሰጡም። ኩባያው የደረሳቸው ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ያልደረሳቸው ለመግዛት ካቀረቡት በግምት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ኩባያውን ያገኙት እኮ ያኔ ነው! ታዲያ 30 ዓመት አብሮዎት የኖረው ቁም ሳጥን ምን ያህል ሊመስልዎ እንደሚችል አስቡት። ገዢው የጠራው ዋጋ ስድብ አይደለም። እሱ እንጨቱን ነው የሚያየው።

ትዝታ ያለበትን ነገር ከመስጠትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ላይ፣ ትዝታ ያላቸውን ዕቃዎች ፎቶ እንዲያነሱ የተነገራቸው ተማሪዎች ካልተነገራቸው ይልቅ ብዙ ዕቃ ለእርዳታ ሰጥተዋል። እኔም የሚሠራ ይመስለኛል። የወረቀት ፎቶዎቹን በተመለከተ፣ ሙጫ ባለው ገጽ ላይ ላስቲክ የሚለበጥባቸው የድሮ አልበሞች ፎቶ ያበላሻሉና ከዚያ አውጧቸው። ሙቀትና እርጥበት ከሌለበት ቦታ ይቀመጡ። ጀርባቸው ላይ ስም ሲጽፉ በእስክሪብቶ አይጫኑ፤ ለስላሳ እርሳስ ይሻላል፣ እሱም ጠርዝ ላይ። እና ይጻፉ! ፎቶው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቁት ምናልባት እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ።

የልጆቹ ዕቃ አጭር ጉዳይ ነው። ለአራቱም ቀን ቆርጠው ይንገሯቸው። "እስከዚህ ቀን ያልተወሰደ ይሰጣል" ብለው፣ ከዚያም በእርግጥ ይስጡት። የሚወረስ ነገር ካለ እያንዳንዱን ለብቻው "ከቤቱ ምን ትፈልጋለህ?" ብለው ይጠይቁ። ሁለት ሰው አንድ ነገር ከፈለገ ዕጣ ያውጡ። ልብዎን ግን ለአንድ ነገር ያዘጋጁት፤ እርስዎ እንደ ዓይን ብሌን የጠበቁትን ሳህን ማንም ላይፈልገው ይችላል። ሳህኑን አልፈለጉትም ማለት እርስዎን አልፈለጉም ማለት አይደለም።

የበኩር ልጅዎ ቀርቶኛል። እውነቱን ለመናገር እሱ የሚወደው ቤት ውስጥ የሚወጡትና የሚወርዱት እርስዎ ነዎት። ለትዝታው ሲባል የእናቱ ጉልበት መክፈል የለበትም። ይህን ግን እኔ እንደጻፍኩት አይበሉት። ጠርተው ፎቅ ያስወጡት፤ ደብተሩን ያሳዩት። "ቤቱን በእውነት የምትፈልገው ከሆነ በተገመተው ዋጋ ልትገዛው ትችላለህ፣ ለወንድምህና ለእህቶችህም ግልጽ ይሆናል" ብለው ይጠይቁት። ምናልባት ይገዛው ይሆናል፤ ያ መልካም ነው። የማይችል ከሆነም ቢያንስ ሐዘኑን ከውሳኔው ለይቶ ያየዋል። እንደ ልጅ ማዘን መብቱ ነው። መከልከል ግን መብቱ አይደለም።

መዛወሩ ከተቆረጠ የባለቤትነት ማረጋገጫ፣ የጋብቻና የልደት ወረቀት፣ የባንክ ደብተር፣ የሕክምና ማስረጃና ኑዛዜ ካለ እሱን በአንድ ቦርሳ ይያዙ። ቦርሳውና መድኃኒቶቻችሁ ከእናንተ ጋር ይጓዙ፤ ጭነት መኪና ላይ አይጫኑ። አዲሱ ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ የሚተከለው አልጋ ነው። አልጋው ላይ የእርስዎ ጎን፣ የሳቸው ጎን፣ መብራቱ ያለበት እጅ፣ ወደ መታጠቢያ የሚወስደው አቅጣጫ እስከተቻለ ድረስ እንደ ድሮው ይሁን። ሌሊት በእንቅልፍ ልብ የሚነሳ ሰው የሚሄደው በለመደው በኩል ነው። ማታ ማታ ደብዘዝ ያለ መብራት እያበራችሁ እደሩ።

አዲስ መደርደሪያና ቁም ሳጥን ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። ልጆች "ስጦታ ነው" ብለው ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ አመስግነው ለጊዜው ይመልሷቸው። ሁለት ወር ከኖራችሁ በኋላ የጎደለው ነገር ራሱ ይነግራችኋል። ባዶ የቆየው ግድግዳም መሞላት ላያስፈልገው ይችላል።